ፒኖ ፓላዲኖ አንድ ሰው ነው ወይስ ሦስት? ለአንድ ወጣት ቤዚስት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜዬ 24 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰርግ ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ሰሞኑን ፒኖ ፓላዲኖ የሚል ስም ሦስት ቦታ አየሁ። አንዱ የ80ዎቹ ፖፕ ላይ፣ ፖል ያንግ የሚባል ዘፋኝ አልበም ውስጥ ነው። ሁለተኛው ዲአንጄሎ የሚባለው አሜሪካዊ የሶል ዘፋኝ ‹ቩዱ› ያለው አልበም ላይ። ሦስተኛው ዘ ሁ ከሚባለው የድሮ ሮክ ባንድ ጋር መድረክ ላይ። የሦስቱ ድምፅ ጭራሽ አይመሳሰልም። አንድ ሰው ነው ወይስ ሞክሼዎች ናቸው? አንድ ሰው ከሆነስ እንዴት ቻለው? እኔ የምወደው ፈንክ ነው። ጓደኞቼ ግን ሁሉንም ካልተጫወትክ እንጀራ አትበላም ይሉኛል። በአንዱ ልጽና ወይስ ሁሉንም ልልመድ?»

ሞክሼዎች አይደሉም። አንድ ሰው ነው። ያየኸውም ግማሹን አይሆንም። ኤሪክ ክላፕተን፣ ሳይመንና ጋርፈንክል፣ ናይን ኢንች ኔይልስ፣ አዴል... እነዚህም ጋ ያው እሱ ነው።

ቤዝ ካነገትኩ ከ35 ዓመት በላይ ሆኖኛል። መጀመሪያ በምሽት ክበብ፣ አሁን ደግሞ በማስተማር። ስለዚህ ሰው ስትጠይቀኝ የመጀመሪያው አይደለህም። ብዙ ተማሪዎች «ስንት ስታይል ያውቃል?» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ስሙን ያስጠራለትን ድምፅ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ አስቀምጦ ሄደ። ያንን ካላየን የቀረው ታሪክ የስም ዝርዝር ብቻ ይሆናል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፒኖ በ1957 በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ የዌልስ ሰው። «እንግሊዛዊ ቤዚስት» ሲሉት ትሰማለህ። የዌልስ ሰው ፊት ግን እንዲህ ባትል ይሻልሃል፤ ብሪታኒያዊ በለው። በ14 ዓመቱ ጊታር ጀመረ፤ በ17 ዓመቱ ወደ ቤዝ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ፍሬት አልባ ቤዝ ገዛ። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የአንተ ቤዝ አንገቱ ላይ ቀጫጭን ብረቶች ተሰክተውበታል። ፍሬት የምንላቸው እነሱን ነው። ጣትህን ከብረቱ ኋላ ካሳረፍክ ኖታው ልክ ይወጣል፤ ብረቱ ይጠብቅሃል። ፍሬት አልባው ላይ ጠባቂ የለም። ጣትህ ጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ድምፁ ይጣመማል፣ አዳራሹም ይሰማሃል። በምትኩ የምታገኘው ነገር አለ። ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተት ትችላለህ፤ ኖታውን ይዘህ ማንቀጥቀጥ ትችላለህ። ማሲንቆን አስብ። ማሲንቆ ላይ ፍሬት የለም። አዝማሪው ጣቱን ክሩ ላይ እያንሸራተተ ነው የሚያስለቅስህ። ፍሬት አልባ ቤዝም በጥሩ እጅ ሲያዝ እንደዚያው ይዘፍናል።

በመሣሪያው ዓለምን ያስደነገጠው አሜሪካዊው ጃኮ ፓስቶሪየስ ነበር፤ በ1976 በስሙ ባወጣው አልበም። የጃኮ ቤዝ ግን የጃዝ ቤዝ ነው፤ ብዙ ያወራል፣ ይፈጥናል። ፒኖ ያንን መሣሪያ ወደ ፖፕ አምጥቶ እንዲያንጎራጉር አደረገው።

በ1982 ከጋሪ ኒውማን ጋር «አይ፣ አሳሲን» የሚለውን አልበም ቀረጸ። ኒውማን የሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ኪቦርድ፣ ሰው ነው። ሙዚቃው ቀዝቃዛ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ይመስላል። በዚያ ሁሉ ብረት መሃል ሰው ሰው የሚሸተው ቤዙ ነው። ካላመንክ አንዱን ዘፈን ክፈትና ከኒውማን ድምፅ ይልቅ ቤዙን ተከተል።

በቀጣዩ ዓመት ፖል ያንግ መጣ።

ፖል ያንግ የማርቪን ጌይን አንድ የ60ዎቹ ዘፈን አንስቶ እንደገና ዘፈነ፤ «ዌርኤቨር አይ ሌይ ማይ ሃት» የሚለውን። በ1983 የብሪታኒያ ሰንጠረዥ ላይ ለሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ሰው ስለ ፒኖ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንን ቀረጻ ነው፤ ደግሞም ይገባዋል። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ቤዙ ይጀምራል። መሬት ለመሬት የሚሄድ የተለመደ ቤዝ እንዳይመስልህ። ላይኛው አንገት ላይ ወጥቶ ዜማ ያዜማል። ዘፋኙ ሲገባ ዝቅ ይላል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ብቅ ይላል። አውጪና ተቀባይ ናቸው። ፖል ያንግ ያወጣል፣ ቤዙ ይቀበላል።

ድምፁን እንዲህ ወፍራም ያደረገው ሌላው ነገር ኦክታቭ ፔዳል ነው። እግርህ ስር የምታስቀምጣት ትንሽ ሳጥን ናት። የምትጫወተውን ኖታ ትወስድና አንድ ኦክታቭ (አንድ ሙሉ የኖታ ዙር) ዝቅ ያለውን ትጨምርበታለች። እሱ የተጠቀመው የቦስን ኦሲ-2 ነው፤ ቤዙ ደግሞ ፍሬት አልባ ሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ። ልብ በል፤ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ዜማ ሲጫወት ከታች የሚቀረውን ባዶ ቦታ ፔዳሉ ይሞላለታል። ፔዳሉን ለማሳመር አልረገጠውም፤ ዘፈኑ መሠረት እንዳያጣ ነው።

በነገራችን ላይ የፖል ያንግን ድምፅ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሳያውቀው ሰምቶታል። በ77ቱ (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ድርቅ ጊዜ የብሪታኒያና የአየርላንድ ዘፋኞች ለንደን ተሰብስበው፣ በኅዳር 1984፣ ለኢትዮጵያ ርዳታ የቀረጹት የገና ዘፈን አለ። የመጀመሪያውን መስመር የሚዘፍነው እሱ ነው። ግጥሙ እኛን እንዴት እንደሳለን ብዙ ተብሏል፤ እዚህ አልገባበትም። እዚያ ቀረጻ ላይ ግን ቤዙ ፒኖ አይደለም። የዱራን ዱራኑ ጆን ቴይለር ነው፤ እሱም ከፈንክ የተማረ ጎበዝ የፖፕ ቤዚስት።

ከፖል ያንግ በኋላ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ዴቪድ ጊልሞር በ1984 «አባውት ፌስ»ን ሲቀርጽ ጠራው። በዚያው ዓመት የዶን ሄንሊ «ሰንሴት ግሪል» ላይ ተጫወተ። ፒት ታውንዘንድ በ1985 ለ«ኋይት ሲቲ» ፈለገው፤ ይህን ስም ያዝልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን። በ1989 የቲርስ ፎር ፊርስ «ዘ ሲድስ ኦፍ ላቭ» እና የክላፕተን «ጆርኒማን» አሉ። የቲርስ ፎር ፊርስን «ዉማን ኢን ቼይንስ» አዳምጠው። ቤዙ እንደ ጭስ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ክፍሉን ሞልቶታል።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ፤ አስተማሪ ስለሆነ ነው እንጂ የሚያኮራ አይደለም።

ያንን የፖል ያንግ ካሴት የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው። አበድኩ። ፍሬት አልባ ቤዝ የት ይገኛል? አንድ አሮጌ ቤዝ ብቻ ነበረኝ፤ እሱንም በብድር የገዛሁት። ጃኮ ፍሬቱን ራሱ ነቀለ ሲባል ሰምቼ ነበር። እኔም ከጎረቤት መካኒክ ፒንሳ ተዋስኩና ነቀልኩት። ብረቱ ሲወጣ እንጨቱን ይዞት ወጣ። አንገቱ የተነቀለ ጥርስ መሰለ። ስንጥቁን በእንጨት ማጣበቂያ ሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ለቅዳሜ ምሽት ይዤው ወጣሁ። በየዘፈኑ ስንሸራተት አመሸሁ። ትዝታም ላይ ተንሸራተትኩ፣ ጭፈራም ላይ ተንሸራተትኩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኙ ዞር ብሎ «አንተ ልጅ፣ ዘፋኙ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አለኝ። በማግስቱ ሌላ ቤዚስት ተቀጠረ። ቤዙ ዛሬም እቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ተማሪዎቼ ሲስቁበት ደስ ይለኛል።

የቀዳሁት ድምፁን ነበር፤ የት ቦታ ዝም እንዳለ ግን አልሰማሁም። የሚገርመው፣ ይህ ስህተት የኔ ብቻ አልነበረም። በ80ዎቹ መጨረሻ ያ የሚንሸራተት ድምፅ በየፖፑ፣ በየማስታወቂያው፣ በየፊልሙ ገባ። አንድ ድምፅ እንዲህ ሲበዛ ይደክማል። የድምፁ ባለቤት ደግሞ አብሮ ይደክማል፤ «ያንን ነገርህን አድርግልን» እያሉ ነው የሚጠሩት። ለኪስ ጥሩ ነው። ለጆሮ ግን እስር ቤት ነው።

ፒኖ ቀስ እያለ ወደ ሌላ መሣሪያ ዞረ። ፌንደር ፕሪሲዥን፤ የ60ዎቹ መጀመሪያ ሥሪት፣ ፍሬት ያለው፣ ባለ አራት ክር። ክሮቹም ከላይ ለስላሳ የሆኑት ናቸው። የተለመደው የቤዝ ክር ሸካራ ነው፤ ጣት ሲሄድበት ይፋጫል፣ ድምፁም ያብረቀርቃል። ለስላሳው ክር ድም ብሎ ይቆማል። ብርሃኑ ይቀንስና ክብደቱ ይጨምራል። ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ የሶል ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት የነበረው የጄምስ ጄመርሰን ድምፅ ይህ ነው። ጄመርሰን በአንዲት አመልካች ጣት ብቻ እየነካ ግማሹን የአሜሪካ ሶል ተሸክሟል። ፒኖ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ወደዚህ አሮጌ ትምህርት ቤት ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ያውም 40 ዓመት ሊሞላው ሲል።

በሩን የከፈተው አንድ የብሉዝ ጊታሪስቱ የቢ ቢ ኪንግ ቀረጻ ነው። ሽማግሌው በ1997 ከተለያዩ ዘፋኞች ጋር ባወጣው «ዱሴስ ዋይልድ» ላይ ዲአንጄሎ አብሮት ዘፍኗል። ፒኖና ዲአንጄሎ የተዋወቁት እዚያ ነው። አንዱ የቨርጂኒያ ወጣት፣ ያደገው በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን። ሌላው የካርዲፍ ነጭ፣ ከእሱ በ16 ዓመት የሚበልጥ። ዲአንጄሎ ለሁለተኛ አልበሙ ኒውዮርክ ጠራው። ስቱዲዮው ጂሚ ሄንድሪክስ ያሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ ነው። ድራሙ ላይ ኩዌስትላቭ ተቀምጧል። አልበሙ በጥር 2000 ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ በቀጥታ አንደኛ ላይ ገባ። ያየኸው «ቩዱ» ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ብዙ ሰው «ቩዱ» ሲባል «አንታይትልድ» የሚለውን ዘፈን ይከፍትና «የፒኖ ቤዝ!» ይላል። እሱ ላይ ቤዙን የሚጫወተው ራፋኤል ሳዲቅ ነው። «ስፓኒሽ ጆይንት» ላይ ደግሞ ቻርሊ ሃንተር ጊታሩንም ቤዙንም በአንድ ባለ ስምንት ክር መሣሪያ ይጫወታል። ፒኖን ከፈለግክ «ፕላያ ፕላያ»ን፣ «ቺክን ግሪስ»ን እና «ዋን ሞጊን»ን ክፈት።

መጀመሪያ ስትሰማው ሲስተምህ የተበላሸ ይመስልሃል። ድራሙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቤዙ ግን ከምቱ ኋላ ይመጣል። የሰከረ ሰው አካሄድ አለው፤ ግን አይወድቅም። ይህን አጨዋወት ዲአንጄሎ የፈለገው ከሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰሩ ከጄ ዲላ ጆሮ ተነስቶ ነው። ዲላ በማሽኑ ላይ ምቱን ሆን ብሎ ያጣምም ነበር። እነ ፒኖ ያንን በእጅ ማድረግ ነበረባቸው።

አንተ የሰርግ ሰው ስለሆንክ በሰርግ ልንገርህ። የሙሽሮቹን መኪና የሚከተለው አጃቢ አለ አይደል? ርቀቱን ጠብቆ ከተከተለ ሰልፍ ያምራል። አንዴ ተጠግቶ፣ አንዴ ርቆ፣ አንዴ መብራት ላይ ከቀረ ግን አጃቢ መሆኑ ቀርቶ መንገድ የጠፋው ሰው ነው። መዘግየትም እንደዚሁ ነው። ፒኖ ከኩዌስትላቭ ኋላ የሚመጣው ሁልጊዜ በዚያው ርቀት ነው። ቦታውን አያለዋውጥም። ጀማሪ ግን «ዘግየት በል» ሲሉት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባንዱን በሙሉ ወደ ኋላ ይጎትታል። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አሁን ወደ ፈንክ ፍቅርህ። ፈንክ ስትል በአውራ ጣት እየመቱ፣ በአመልካች ጣት እየሳቡ መጫወትን ማለትህ ከሆነ፣ የዚያ ንጉሥ ሌላ ብሪታኒያዊ ነው፤ የሌቭል 42ቱ ማርክ ኪንግ። መጀመሪያ ድራመር ነበር፤ ያስታውቅበታልም። ቤዙን እንደ ከበሮ ይደበድበዋል፣ በላዩ ደግሞ ይዘፍናል። በ1986 የወጣውን «ሌሰንስ ኢን ላቭ» ስማ። ማርክ ኪንግ በዚያው ባንድ፣ በዚያው አውራ ጣት ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። «በአንዱ ልጽና?» ላልከው ምስክር ይሆንሃል። የሚያስበላ ነገር ነው፤ ግን ባንዱ የራስህ ሲሆን፣ ዘፋኙም አንተ ስትሆን ይቀላል። የፒኖ «ቺክን ግሪስ» ደግሞ ምንም አውራ ጣት የለበትም። ጥቂት ኖታ፣ ብዙ ዝምታ። ያም ፈንክ ነው። ለኔ እንዲያውም ከባዱ ፈንክ እሱ ነው።

ከ«ቩዱ» ጋር በአንድ ሰሞን የወጡትን የኤሪካ ባዱን «ማማስ ገን» እና የኮመንን «ላይክ ዋተር ፎር ቾኮሌት»ም አስከትላቸው። በዚያ ዓመት ፒኖ የኒዮ ሶል፣ ማለትም የዚህ የአዲሱ ሶል፣ ሰው ነው ብለን ጨርሰን ነበር።

ከዚያ ሰኔ 2002 መጣ። ዘ ሁ የአሜሪካ ጉዞውን ላስ ቬጋስ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ቤዚስቱ ጆን ኢንትዊስል ሆቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሰኔ 27 ነበር። የባንዱ ጊታሪስት ታውንዘንድና ዘፋኙ ሮጀር ዳልትሪ ጉዞውን ላለመሰረዝ ወሰኑ። ታውንዘንድ ማንን ይጥራ? ከ«ኋይት ሲቲ» ጀምሮ የሚያውቀውን ሰው። ሐምሌ 1 ቀን ሎስ አንጀለስ፣ ሆሊዉድ ቦውል መድረክ ላይ ፒኖ ቆሞ ነበር። ቁጠረው፤ አራት ቀን።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ ለማወቅ ኢንትዊስልን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውየው ዝም ብሎ ይቆማል፣ ጣቶቹ ግን ይሮጣሉ። ድምፁ ይጮሃል፣ ይሰነጥቃል። በዘ ሁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዜማውን የሚሸከመው ቤዙ ነው፤ ታውንዘንድ ጊታሩን ለምት ነው የሚጠቀምበት። በ1965 «ማይ ጀነሬሽን» ላይ የተጫወተው ሶሎ በሮክ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ የቤዝ ሶሎዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ በአራተኛው ቀን በቦታው መቆም፣ ያውም በሐዘን ላይ ባለ ሕዝብ ፊት! ሁለት ክፉ መንገድ ነበር። አንዱ ኢንትዊስልን መኮረጅ ነው፤ ሕዝቡ ይታዘብሃል። ሌላው ራስን ማሳየት ነው፤ ይህ ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደመቀለድ ነው። ፒኖ የታወቁትን ቦታዎች በክብር ተጫወተ፤ በቀረው ላይ ኖታ ቀነሰ፣ ወደ ኋላም ቆመ። የኢንትዊስልን ጫጫታ የለመደ ጆሮ ባዶነት ይሰማው ይሆናል። እኔ ግን ያ ባዶነት ትክክል ነበር ባይ ነኝ። የጎደለ ሰው ነበርና መጉደሉ መሰማት ነበረበት። ከባንዱ ጋር ከ10 ዓመት በላይ ቆየ። በ2006 የወጣው «ኤንድለስ ዋየር» ላይም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው፤ አለበለዚያ አናልቅም። በ2003 ሳይመንና ጋርፈንክል እንደገና አብረው ሲዞሩ ቤዙ እሱ ነበር፤ ለስላሳ፣ የማይታይ። በዚያው ዓመት ሮይ ሃርግሮቭ ጃዝና ፈንክን ባጋባበት «ሃርድ ግሩቭ» ላይ ተጫወተ። በ2005 ከጆን ሜየርና ከድራመሩ ስቲቭ ጆርዳን ጋር በሦስት ሰው ባንድ ብሉዝ ሠራ። ሦስት ሰው ብቻ ስትሆኑ ጊታሩ ሶሎ ሲገባ ከስሩ ማንም የለም፤ ቤዙ ብቻውን ቤቱን ይይዛል። ይህን የሰርግ ባንድህ ኪቦርዲስት የቀረ ዕለት ይገባሃል። በ2011 አዴል «21»ን ስታወጣ ከፕሮዲውሰሩ ከሪክ ሩቢን ጋር የተሠሩት ዘፈኖች ላይ አለ። በ2013 ደግሞ ናይን ኢንች ኔይልስ፤ አልበሙም ላይ፣ ጉዞውም ላይ። ከሳይመንና ጋርፈንክል ወደ ናይን ኢንች ኔይልስ! ከማኅሌት ወጥቶ ወፍጮ ቤት እንደመግባት ነው። በ2014 ዲአንጄሎ ከ14 ዓመት ዝምታ በኋላ «ብላክ መሳያ»ን ሲያወጣም ያው ቤዝ ከስር አለ።

በራሱ ስም አልበም ያወጣው መቼ ይመስልሃል? በ2021። በ63 ዓመቱ። ያውም ብቻውን አይደለም፤ ከጊታሪስትና ፕሮዲውሰሩ ብሌክ ሚልስ ጋር ነው። «ኖትስ ዊዝ አታችመንትስ» ይባላል፤ ያወጣው የጃዙ ሳክስፎኒስት የጆን ኮልትሬን አሳታሚ የነበረው ኢምፐልስ ነው። የቤዝ ሶሎ ጠብቆ የከፈተ ሰው ይናደዳል። ሳክስፎኑና ጊታሩ ፊት ለፊት ናቸው፤ እሱ ጀርባቸውን ይዟል። አንድ ተማሪዬ «የራሱ አልበም ላይም አጃቢ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ነው። ደጋግመህ ስትሰማው ግን ቤዙ ሲንቀሳቀስ ሁሉም አብሮት እንደሚንቀሳቀስ ታያለህ።

ጓደኞችህ ያሉህ ግማሹ እውነት ነው። የሰርግ ባንድ ውስጥ ከጉራጊኛ ወደ ትዝታ፣ ከትዝታ ወደ ሬጌ በአምስት ደቂቃ ትሻገራለህ፤ ካልቻልክ ትቀየራለህ። ነገር ግን ሁሉንም መልመድ ማለት ሁሉም ላይ ያንኑ እጅህን ይዘህ መግባት ከሆነ ጥቅም የለውም። እኔ ቤዜን ይዤ በየዘፈኑ ስንሸራተት ሁሉንም ዘፈን አውቅ ነበር። ፒኖ ግን የሚቀይረው እጁን ነው። መሣሪያውን፣ ክሩን፣ የጣቱን ክብደት፣ ኖታው የሚቆይበትን ርዝመት። አንተም ቢያንስ የመጨረሻውን ያለ አንድ ብር ወጪ መቀየር ትችላለህ። ብዙ ወጣት ቤዚስት ኖታውን መቼ እንደሚጀምር ያስባል፤ መቼ እንደሚያቆመው አያስብም። ግራ እጅህን ትንሽ ብታነሳ ኖታው ይሞታል። አንዱን የቤዝ መስመር ሳትለውጥ፣ አንዴ ኖታውን እያሳጠርክ፣ አንዴ እስከሚቀጥለው እያስረዘምክ ተጫወተው። ሁለት የተለያየ ዘፈን ይሆናል።

በፈንክ ጽና፤ ፍቅርህ እዚያ ከሆነ ከእሱ መሸሽ አያስፈልግም። ግን ለዚህ ወር እንዲህ አድርግ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገውና አንድ ኖታ ብቻ ተጫወት። መጀመሪያ ልክ ምቱ ላይ፣ ቀጥሎ ትንሽ ከኋላው፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀድመህ። አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ሳትነቃነቅ መቆየት አለብህ። ይሰለቻል፤ ይሰልችህ። በስልክህ ቅረጸውና በማግስቱ ስማው፤ በዚያው ቀን ከሰማኸው ጆሮህ ይዋሽሃል። ከዚያ ድራመርህን ለብቻው ያዘው። ዘፋኝ የለ፣ ኪቦርድ የለ፣ ሁለታችሁ ብቻ። እሱ ቀጥ ብሎ ይምታ፣ አንተ ከኋላው ተቀመጥ። እሱ አንተን ሊጠብቅ ከዘገየ አስቁመውና እንደገና ጀምሩ፤ ድራመር ደግ ሲሆን ይህ አጨዋወት ይበላሻል።

ዘፈኖቹን ደግሞ ከዘፋኙ ግጥም ጋር አጥናቸው። ዘፋኙ የት እንደሚተነፍስ ምልክት አድርግ። የፖል ያንግ ቤዝ ምስጢሩ ግማሹ ይኸው ነው። ሰርግ ላይ የምትደጋግመውን አንድ ዘፈን ምረጥና ዘፋኙ በሚተነፍስበት ቦታ ብቻ አንድ ጌጥ አስገባ፤ ሌላው ጋ አርፈህ ተጫወት። ዘፋኙ ዞር ብሎ ካየህና ፈገግ ካለ ገብቶሃል። እኔን እንዳለኝ ካለህ ደግሞ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ክርን በተመለከተ፣ ለስላሳው ክር እኛ አገር በቀላሉ አይገኝም፤ ዋጋውም ከተለመደው ከፍ ይላል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አንድ ስብስብ አስመጣ፤ ቶሎ ስለማይበላሽ ለዓመታት ያገለግልሃል። እስከዚያው ድረስ ከብሪጁ (ክሮቹ ቤዙ አካል ላይ ከሚያርፉበት ብረት) ፊት ለፊት፣ ከክሮቹ ስር ቀጭን ስፖንጅ አስገባ። ዕቃ ማጠቢያው ይበቃል፤ አዲሱን ግን ቁረጥ እንጂ ከኩሽና የተነሳውን አይደለም፣ ክርህን ያዝግብሃል። ድምፁ ወዲያው ያጥርና ይከብዳል። ፍሬቱን ደግሞ ባለበት ተወው።